ክብርት እትዬ ለማነው እና ደወል አልባው መፈልፈያ

ጥያቄን በጥያቄ የሚመልስ ሰው ያላስቸገረው ቤት የለም። ጫማ ልገዛ ነው ብትሉት «ወዴት ልትሄድበት?» ይላል፤ ላገባ ነው ብትሉት «ጠዋት ጠዋት ትነጫነጫለች?» ይላል። የዚህ ወገን የበላይ ጠባቂ ግን የሚገኙት እኛ መሥሪያ ቤት ነው፤ ክብርት እትዬ ለማነው።

የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን እየሠራን ወደ ውጭ አገር እንልካለን። እኔ የገዢዎችን ትእዛዝ እቀበላለሁ፤ የትኛው ማሽን ምን ይኑረው የሚለውን የሚወስኑት እትዬ ናቸው። ገና አፌን ስከፍት መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ለማን ነው?» ይላሉ። ስማቸውም ከዚሁ ወጣ።

«ለነጋዴ ነው፣ እትዬ።»

«ነጋዴ እንቁላል አይታቀፍም! እሱ ለማን ሊሸጠው ነው?»

መብራት ለሚጠፋበት አገር ግድግዳው የወፈረ፣ ባትሪ ያለው ያዛሉ። ለዳክዬ አርቢ ሰፋ ያለ ትሪ፣ አየሩ ለደረቀበት ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ። ለትምህርት ቤቶች የሚወስድ ገዢ ሲመጣ ክዳኑን እንዳለ መስታወት አስደረጉት፤ «ልጅ ጫጩቷ ስትወጣ ካላየ ምን ሊማር ነው?» ብለው። በጣት የሚነካ ዘመናዊ ስክሪን የጠየቀውን ደግሞ፣ የሚነኩት ጣቶች ጭቃ የለመዱ መሆናቸውን አጣርተው በተራ ጉልህ ቁልፍ ለወጡበት። ሰውየው በንዴት ጦፈ። ከርሞ ግን ያንኑ ባለ ቁልፉን ጨምሩልኝ ሲል እጄን በአፌ ጫንኩ።

አንድ ጊዜ እትዬ ታመው ቤት በዋሉበት ሰሞን፣ ከሩቅ አገር ትእዛዝ መጣ፦ «የማስጠንቀቂያ ደወሉ ይቅር፤ ደንበኞቼ አይፈልጉትም።» ሥራ አስኪያጃችን ወጪ ቀነሰልን ብሎ ደስ አለው። ደወሉ ወጣ፤ ማሽኖቹ ታሸጉ። እትዬ የተመለሱት ሳጥኖቹ መኪና ላይ ሲጫኑ ነው።

«ለማን ነው?»

«ለአንድ የሴቶች ማኅበር» አልኩ።

«ደወሉ ምን አደረጋቸው?»

«ይረብሻቸው ይሆናላ፣ እትዬ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

እትዬ እዚያው ቆመው ለገዢው አስደወሉኝ። ለካ ሴቶቹ መስማት የተሳናቸው ናቸው።

«በቃ፣ ሰውየው ልክ ነው። ጫኑ!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እና ሙቀቱ ሲወርድ በምን ሊያውቁ ነው? እነሱ ተኝተው እንቁላሉ እንዳለ ሞቶ ይደር? ያላቸውን ሁሉ አዋጥተው የጀመሩት ሥራ እኮ ነው!»

«እትዬ፣ መርከቡ ያመልጠናል!»

«ያምልጠን!»

ይህን ብለው የመጨረሻው ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ለመነ፣ ዛተ፣ ደግሞ ለመነ። እትዬ ወይ ፍንክች! ሳጥኖቹ ተመልሰው ወረዱ፤ በየማሽኑ ሙቀት ሲወርድ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ተገጠመ፤ ከአልጋ ራስጌ እንዲሰቀልም ሽቦው ረዘመ። መርከቡም አመለጠን። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሳምንት በሆዴ ያላልኳቸው የለም።

ማሽኖቹ ደርሰው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ገዢው ቪዲዮ ላከ። አንድ ሌሊት ሙቀቱ ሲወርድ መብራቱ ከእንቅልፍ ቀስቅሷቸው ሴቶቹ እንቁላላቸውን እንዳተረፉ ጽፏል። በስልኬ ዙሪያ ተሰብስበን አየን፦ ክፍሉን የሞሉ ጫጩቶች፣ ከኋላ የቆሙ ሴቶች። ሴቶቹ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ጣቶቻቸውን ያርገበግባሉ። ጭብጨባቸው እንዲህ ነው ይላል ገዢው፤ መብራቱን ላሰበው ሰው ነው።

እትዬ ሁለት እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱና እሳቸውም አርገበገቡ። ሥራ አስኪያጁ አነሳ። እኔም አነሳሁ፤ እንባዬን የምጠርግበት እጅ ግን አልተረፈኝም።