የኦልቫን ሰባት ቤት

አንድ ሰው ከተወለደበት ቀን እስከሚሞትበት ቀን ያው አንድ ሰው ነው ብላችሁ የምታምኑ ከሆነ፣ ዘር የሚቆጥር ዘመድ የላችሁም ማለት ነው። እኔ አለኝ። የባለቤቴ የየሺ አጎት ናቸው፤ ጋሽ አጎናፍር ይባላሉ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እንጦጦ ሥር፣ ከተማውን ቁልቁል የሚያይ ግቢ አላቸው። እሳቸው ግን ከዚያ ላይ ሆነው የሚያዩት ከተማውን አይደለም... ማን ከማን እንደሚዛመድ ነው።

በእኛ ቤተሰብ ያለ ጋሽ አጎናፍር ፈቃድ ሽማግሌ አይላክም፤ ቢላክም በር አይከፈትለትም። ወንዱና ሴቷ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንደማይዛመዱ ቆጥረው “ንጹሕ ነው” ካላሉ፣ አዳራሽ ተከራይታችሁ፣ ካርድ አሳትማችሁ፣ በሬ ጥላችሁ እንኳ ቢሆን ሠርግ የለም! የየሺ የእህት ልጅ ቀለበት አድርጋ ስታበቃ ልጁ በአምስተኛ ቤት ዘመድ ሆኖ ተገኘና ቀለበቱ ተመለሰ። ዛሬ ሁለቱ የቤተሰብ ድግስ ላይ ሲገናኙ “እንዴት ነሽ የአክስቴ ልጅ” እየተባባሉ በግድ ይሳሳማሉ።

እንግዲህ የእኔዋ ልጅ ቤዛ ደግሞ ያፌት የሚባል ልጅ ወደደች። ያፌት መገናኛ አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። ጨዋ ነው፤ ታላቅ ሲያይ ብድግ ይላል፤ እንጀራ ሲጨምሩለት እምቢ አይልም። ይሄ ሁሉ ደስ ይለኛል። እውነቱን ንገረን ካላችሁኝ ግን፣ እኔ ያፌትን የወደድኩት በጌሙ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ቤት፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ፣ ጌም ማጫወቻውን በቦርሳ አዝሎ ይመጣል። “የጋሼ ቴሌቪዥን ትልቅ ነው” ብሎ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ከጎኑ ተቀምጬ አየሁ። ቀጥሎ “እስቲ ልሞክር” አልኩ። ከዚያ በኋላ... በቃ፣ ቤዛ ፍቅረኛዋን ለማነጋገር እኔን ማስፈቀድ ጀመረች።

ጌሙ ስድስት ክፍል አለው። በስድስቱም ጀግናው ኦልቫን ይባላል። በስድስቱም አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ አስሯል፤ በስድስቱም በር የሚከፍተው በእርግጫ ነው፤ በስድስቱም ሲልማ የምትባል ልዕልት ትታሰርበታለች፣ ያስፈታታል፣ መጨረሻ ላይ ያገባታል። አሁን እናንተ ፍረዱኝ፤ ይሄ ስንት ሰው ነው?

“አንድ ሰው ነዋ!” አልኩ እኔ።

“ኧረ ጋሼ! ስድስት ሰው ነው” አለ ያፌት። “በአንዱና በሌላው ክፍል መሀል መቶ ዓመት አለ እኮ። ክፍል ሁለት ላይ ገበያው መሀል የቆመውን የመጀመሪያውን ኦልቫን ሐውልት አላዩትም?”

“በቁሙ አሠርተውለት ይሆናላ።”

“ጋሼ፣ ሐውልቱ ላይ ሳር በቅሏል!”

“ሳርማ የእኛ ብሎክ ደረጃ ላይም በቅሏል። ገና ቤቱን ሳንገባበት ነው የበቀለው።”

ወራት ተከራከርን። ያፌት በሌላው ነገር ሁሉ እሺ ባይ ነው፤ ኦልቫን ላይ ግን ንቅንቅ የለም። ግትርነቱ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር... ጋሽ አጎናፍር እስኪመጡ ድረስ።

ዘር ሊቆጥሩ ቅዳሜ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠሩ። መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ ያቆየኛል ብለው ማልደው ወጡ፤ ሰልፉ የለም! እሳቸው ራሳቸው ደንግጠዋል። በዚህ ምክንያት ምሳ እንኳ ሳይደርስ በራችንን አንኳኩ። እኔና ያፌት ክፍል ስድስት መጨረሻ ላይ ነበርን። ኦልቫን ሲልማን አስፈትቷል፤ ሠርጉ ተደግሷል፤ እምቢልታ ይነፋል። ማጥፋት እንዴት ያስችላል?

ጋሽ አጎናፍር ሶፋው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩና ቴሌቪዥኑን አዩ።

“ይሄ ሙሽራ ማነው?”

“ኦልቫን ይባላል አባባ” አለ ያፌት።

“የማን ልጅ?”

እናንተዬ! ያፌትን በሕይወቱ ይሄን ጥያቄ የጠየቀው ሰው የለም። ፊቱ በራ። ከሥር ከመሠረቱ ያስረዳቸው ጀመር። የመጀመሪያው ኦልቫን ሲልማን አግብቶ ወንድና ሴት ወለደ፤ ከወንዱ ወገን ሁለተኛው ኦልቫን መጣ፤ ከሴቷ ወገን ሁለተኛዋ ሲልማ መጣች... ጋሽ አጎናፍር ጣታቸውን እያጠፉ አብረውት ይቆጥራሉ። እኔ ሞኙ፣ ተግባቡልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

“ቆይ” አሉ። “ይሄ ሁለተኛው ያገባው ያችን ሁለተኛዋን ነው?”

“አዎ አባባ።”

“በስንት ቤት ይገናኛሉ?”

ያፌት አሰበ። “በሦስት... ቢበዛ በአራት።”

“ከዚያ በኋላ የመጡትስ?”

“እነሱም እንደዚሁ።”

“እንዴ! አገሩ ላይ ሽማግሌ የለም?”

ያፌት የእምቢልታውን ድምፅ ቀነሰ።

“አንተስ” አሉት ጋሽ አጎናፍር ለስለስ ብለው፤ እሳቸው የሚያስፈሩት ለስለስ ሲሉ ነው። “ይሄን ሁሉ ቁጭ ብለህ ስታይ ምንም አልመሰለህም? ከምን ዓይነት ቤት ነው የመጣኸው ልጄ?”

ቤዛ ሳህን እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። የአክስቷ ልጅ ቀለበት ሲመለስ አብራ ያለቀሰች ልጅ ናት፤ የምታየው ነገር ወዴት እንደሚሄድ ገብቷታል። ለእኔም ገባኝ። ልጄ ናት። ደግሞ ክፍል ሰባት ሊወጣ ነው።

“ጋሽ አጎናፍር፣ ልጁ ተሳስቶ ነው!” ብዬ ዘልዬ ገባሁ። “ስድስት ሰው አይደለም፤ አንድ ሰው ነው። ሚስቱም አንድ ናት። የተጋቡት አንዴ ነው፤ ጌሙ ነው የሚደጋግመው። ስሙ አንድ፣ ሻሹ አንድ፣ እርግጫው አንድ!”

“እንደሱ ነው?” አሉት ያፌትን።

ያፌት እኔን አየኝ። ያን ሳር የበቀለበትን ሐውልት እያሰበ እንደሆነ አውቄያለሁ። ከዚያ ቤዛን አያት። ቤዛ ዓይኗን አፈጠጠችበት።

“አንድ... ሰው ነው” አለ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወራት የደከምኩበት ድል ነበር፤ ሳገኘው ግን አንጀቴን በላኝ።

“እንግዲያው ደህና” አሉ ጋሽ አጎናፍር። “ስሙ አንድ ከሆነ ሰውዬውም አንድ ነው። ይሄ ይያዝልኝ። አሁን የራስህን ቁጠር።”

ያፌት ለዚህስ ተዘጋጅቷል። አገር ቤት ደዋውሎ፣ ታክሲ ውስጥ ሲያነበንብ ከርሞ በቃሉ ይዟል። ብድግ አለና እጁን አጣምሮ ከአባቱ ጀመረ።

“ደሳለኝ፣ ወልዴ፣ ሀብቴ፣ ተሰማ፣ ገብሬ፣ ወልዴ፣ ዘውዴ!”

የሺ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

“ስድስት ናቸው” አሉ ጋሽ አጎናፍር።

የሺ አፏን ዘጋች።

“ሰባት ናቸው አባባ!”

“ወልዴን ሁለቴ ጠርተኸዋል።”

“ሁለት ወልዴ ናቸዋ! አንዱ አያቴ ነው፤ ሌላው ከላይ ያለው፣ ገብሬን የወለደው!”

“ስሙ አንድ ከሆነ ሰውዬውም አንድ ነው ተባብለናል። አሁን፣ እዚሁ ተቀምጠን።”

“ሰው እንዴት የራሱን ቅድመ አያት ይወልዳል አባባ?”

“ያ ባለሻሽ ስድስት መቶ ዓመት ከኖረ ወልዴን ምን ይከለክለዋል? ወልዴ እንኳ ገበሬ ነው፤ ንጹሕ አየር ነው የሚተነፍሰው።” ባርኔጣቸውን አንስተው ራሳቸው ላይ ደፉ። “ሰባተኛውን አምጣና እንነጋገራለን።”

ጋሽ አጎናፍር ባርኔጣ ደፉ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። የየሺ የእህት ልጅ ነገር ያለቀው በዚያው ባርኔጣ ነው። ቤዛ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ የጌሙን ጆይስቲክ እንደያዝኩ ተነሥቼ እንደገና ተቀመጥኩ። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኛ!

ያኔ ያፌት፣ ያ እሺ ባዩ ልጅ፣ ጮኸ።

“ስድስት ሰው ነው! ኦልቫን ስድስት ሰው ነው፤ ወልዴም ሁለት ሰው ነው! ሐውልቱ ላይ ሳር በቅሏል! የወልዴም መቃብር ላይ በቅሏል!”

“የትኛው ወልዴ?”

“የሁለቱም! የላይኛው አገር ቤት ነው የተቀበረው። አያቴ ደግሞ እዚሁ ኮተቤ። እኔ ራሴ ቀብሩ ላይ ነበርኩ!”

ጋሽ አጎናፍር አሰቡ። “ሁለት መቃብር...” አሉ። “አንድ ሰው ሁለት መቃብር አይዝም።” ባርኔጣቸውን አወለቁ። “እንግዲያው ሰባት ናቸው። ከሰባቱም አንድ እንኳ እኛን የሚነካ የለም። ግን አስበህ ተናገር ልጄ። ወልዴ ሁለት ከሆነ ይሄም ሰውዬ ስድስት ነው። ስድስት ከሆነ ደግሞ ይሄ ጋብቻ...”

ሁላችንም ወደ ቴሌቪዥኑ ዞርን። ኦልቫን ቀለበቱን ይዞ ቆሟል። ሲልማ ጣቷን ዘርግታለች። እዚህ ለመድረስ የጣልናቸውን ጭራቆች እኔና ያፌት ነን የምናውቃቸው።

ያፌት ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጠ።

“ይፍረስ” አለ።

“ያፌት!” አልኩ።

“ይፍረስ ጋሼ!”

“ንጹሕ ነው” አሉ ጋሽ አጎናፍር።

የሺ እልልታዋን ለቀቀችው። ቤዛ አሁን ደግሞ በደስታ አለቀሰች። እኔም ልጄን አቅፌ እንባዬ መጣ፤ የወራት ክርክሬን ምስክር ፊት መሸነፌ እንኳ ትዝ ያለኝ ምሳ ላይ ነው። ያፌት በዚያች ምሳ ላይ የጨመሩለትን ሁሉ በላ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ አጎናፍርን ታክሲ ላሳፍር ይዣቸው ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙና በረጅሙ ተነፈሱ። ጉልበታቸውን ያመማቸው መሰለኝ።

“ምነው ጋሽ አጎናፍር?”

“ያቺ ልጅ አሳዘነችኝ።”

“ቤዛ? ቤዛማ ደስ ብሏታል።”

“ኧረ የታሰረችዋ! ያን ሁሉ ጊዜ ታስራ፣ ገና መፈታቷ ነበር። አሁን ማን ይነግራታል?”

ላጽናናቸው ብዬ፣ “ክፍል ሰባት ሊወጣ ነው እኮ” አልኳቸው።

“ሰባት?” ብረቱን ለቀቁ። ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ፤ ደገሙና አጠፉ፤ ፊታቸው ፈካ። “ሰባት ከሞላማ ዝምድናው አለቀ! ይጋቡ!” አሉና ደረጃውን እንደ ወጣት ወረዱት። ታች ሲደርሱ ዞር አሉ። “ባለሻሹ ሽማግሌ ካጣ እኔ እሄድለታለሁ። ብቻ በሩን በእርግጫ ከፍቶ የሚገባውን ነገር ይተው በለው።”