ቢላዋውን ማን ይያዝ?

ወገንተኝነት የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። ግን «እኔ በሃይማኖቴ ወገንተኛ ነኝ» ያለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አልገጠመኝም። ቃሉ ለጎረቤት ብቻ የተሰፋ ነው። የእኔ ሲሆን «ጽናት» ይባላል፤ ያው ነገር አጥር ተሻግሮ ሲገኝ ወገንተኝነት ይሆናል። ይህንን እውነት ለቡራዩ ሕዝብ ሳስረዳ ኖሬአለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር፣ ተሳፋሪው በመስኮት ወደ ውጭ እያየ።

ዘንድሮ ለፋሲካ ስምንት ጎረቤታሞች በሬ ቅርጫ ገባን፤ አራታችን ኦርቶዶክስ፣ አራቱ ጴንጤ። በሬው በጠዋት እኔ ግቢ ታሰረ። የልጄ አማቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱሉልታ ለምሳ ሊመጡ ነው። ጥሬ ሥጋ ይጠብቃችኋል ብዬ አፌን ሞልቼ የተናገርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

በየዓመቱ የሚያርዱልን ሽማግሌያችን ኦቦ ቶሎሳ ቢላዋቸውን ስለው በስመ አብ ሊሉ ሲሉ፣ የብረት በር የሚሠራው ገመቹ በትሕትና ብድግ አለ። «ኦቦ፣ እስከ ዛሬ በእርስዎ ቡራኬ በልተናል፤ ዘንድሮ በእኛ ጸሎት ይታረድ» አለ። ኦቦ ቶሎሳ በጴንጤ ጸሎት የታረደ ሥጋ ደጃቸውን እንደማይረግጥ ነገሩት። ገመቹም ያን ያህል ከተጠየፉን እኛም አንበላም አለ። አራት ለአራት ተፋጠጥን።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቀን ለእኔ ካልሆነ ለማን ነው? ድንጋይ ላይ ወጥቼ የወገንተኝነትን ትርጉም ከነመዘዙ ተነተንኩት። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሳሩ ነው ይባላል፤ እኛ ስንራገጥ ግን በሬው ገመዱን ላልቶ አግኝቶት የሚስቴን ጎመን ሙልጭ አድርጎ በላ። ሚስቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ እንግዶቹ ከሱሉልታ መነሳታቸውን አረዳችኝ። በእውነት ደነገጥኩ። ለአማት ከስብከት ሌላ የማቀርበው አልነበረኝም።

በዚህ መሀል ባለሱቁ ሐጂ ከድር «አካም ቡልተኒ፣ እንኳን አደረሳችሁ!» እያሉ ገቡ። ጉዳዩን ሰሙና ፂማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። ከሁለቱም ወገን አለመሆናቸውን አስታውሰው፣ ጠቡ በቢላዋው ከሆነ እሳቸው በቢስሚላህ ሊያርዱልን ፈቃደኛ መሆናቸውን ገለጹ። እኔ በሰጠሁት ትንታኔ መሠረት ከሐጂ የበለጠ ገለልተኛ በመላው ቡራዩ አይገኝም ነበር።

ስምንታችንም በአንድ አፍ «አይሆንም!» አልን።

ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ተስማማችሁ!» ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ሁላችንም አቀረቀርን። ከዚያ ማንም ሳያዘን ገመቹ ጸለየ፣ ኦቦ ቶሎሳ ባረኩና አረዱ፤ ለምሳውም ደረስን። ከስምንታችን ቀድሞ «አይሆንም» ብሎ የጮኸው ድንጋይ ላይ የቆመው ሰውዬ መሆኑን ግን ሐጂ እስከ ዛሬ አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም፤ እግዜር ይስጣቸው።