ወጣት የሌለበት የወጣቶች ሰልፍ

ኮሚቴ ካላቋቋመ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ኮምቦልቻ እኛ ሰፈር ጋሽ ሰይድ አሉ። ለሰፈራችን ካርኒቫል ለወራት ሰበሰቡን፤ ከበሮው ከፊት ይሁን ከኋላ በሚለው ብቻ ሁለቴ ድምፅ ሰጠን። አገር የምንመራ እኮ ነው የሚመስለው! ለሚሰለፉት ወጣቶችም ቢጫ ቲሸርት አሠሩ። እኛ ስንሰበሰብ ግን ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሄዱ፤ የራሳቸው ልጅ ዘሃራም ሄደች።

በዕለቱ ጋሽ ሰይድ መድረክ ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ፣ "አሁን ወጣቶቻችን ያልፋሉ!" አሉ። የመጡት እናቶች ነበሩ፤ የልጆቻቸውን ቲሸርት በቀሚሳቸው ላይ ደርበው። ከፊት የጋሽ ሰይድ ባለቤት እትዬ ከድጃ ነበሩ።

ጋሽ ሰይድ ማጉያውን ከአፋቸው አወረዱ።

"ይቀጥሉ እንጂ" አልኳቸው።

"ወላሂ፣ ምን ብዬ?" አሉኝ። ማጉያውን ሰጥተውኝ ወረዱና የሚስታቸውን እጅ ይዘው ከሰልፉ ጋር ሄዱ።