የፒክአፔ ማርሚታ

ያረጀ መኪና ያለው ሰው አማካሪ አጥቶ አያውቅም። ጭሮ ውስጥ ስለ ፒክአፔ ያልመከረኝ ሰው አለ ብላችሁ ነው? ሻይ ልጠጣ ቁጭ ስል አስተናጋጁ ሳይቀር «ጋሼ፣ አሁንስ አልበዛም?» ይለኛል።

እውነቱን ነው። ጠዋት የምትነሳው ቁልቁለት ላይ ካቆምኳት ብቻ ነው። ሰው ቤት ሲከራይ ስለ ውኃና መብራት ይጠይቃል፤ እኔ አከራዩን የጠየቅኩት መንገዱ ወዴት እንደሚያጋድል ነበር።

ጩኸቷስ? አንድ ጊዜ ለንግሥ አሰቦት ሰው ጭኜ ስደርስ፣ ሰባኪው ስብከታቸውን አቋርጠው ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቁ። ሲጠፋ «ተመስገን» አሉና ቀጠሉ። ምእመኑ የስብከቱ ክፍል መስሎት እልል አለ።

ባለቤቴ ጽጌ ግን በዚህ አትስቅም። ለቅሶ ቤት ስንደርስ ሰዉ ሐዘኑን ትቶ እኛን ያያል፣ ሽጣት ትለኛለች። እኔም «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እያልኩ ዓመታት ገፋሁ። በመጨረሻ ግን ሽንኩርት እንደጫንኩ ቦርደዴ መንገድ ላይ በአንድ ወር ሦስቴ ስትቆምብኝ እጄን ሰጠሁ። አንድ ደላላ ነጭ ፒክአፕ አመጣና እስቲ ሞክራት አለኝ። የት ልሂድባት? እናቴ ዘንድ ነዋ፣ መሰላ ወረዳ።

እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ዓይኗ ከደከመ ቆየ። ጭሮ እንውሰድሽ ስንላት ደጄን ለማን ትቼ ትላለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። መኪናዬን ገና ከታች ዳገቱ ላይ ስትሰማ ትነሳለች፤ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጥታ በሩን ራሷ ትከፍታለች። እኔ ስደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማ ነው የማገኛት። ማንም እንዲደግፋት አትፈልግም። ልጇን በሯ ላይ ቆማ መቀበል፣ ከቀሯት ደስታዎች ትልቁ እሱ ነው።

በነጯ መኪና ስደርስ በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች።

እናንተዬ፣ እናቴ በዕድሜዬ ሙሉ «ማነው» ብላኝ አታውቅም። ወጥታ መኪናዋን በእጇ ዳበሰች፣ ነጭ ናት ስላት መረቀችልኝ። ከዚያ ቀስ ብላ «ምነው ሳልሰማህ መጣህ ልጄ?» አለችኝ።

ክላክስ አታደርግም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እሱንም አልኳት። በዚህ መንገድ ክላክስ ሳያደርግ የሚያልፍ የጫት መኪና አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ነጯን ለደላላው መለስኩ። የኔዋን ለጀማል ሰጠኋት። ጀማል ሠላሳ ዓመት የናፍጣ ሞተር ሲፈታ የኖረ መካኒክ ነው። ሞተሯን አውርዶ አደሰ። በዚያ ላይ በወዳጅነት፣ ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ተበሳስቶ ስላየው አውልቆ አዲስ ገጠመላት። በቁልፍ ብቻ ተነሳች! ድምጿም የለም። እየዘፈንኩ መሰላ ሄድኩ።

በሩ ተዘግቷል።

«ማነው?»

ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ሳይከፈት እዚያ ነበርኩ። አሮጌውን ማርሚታ መልስልኝ አልኩት።

«አቦ፣ ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ድምፁን አጥፋልኝ ነው የሚሉኝ» አለ ጀማል። «ጩኸቴን መልስልኝ የሚል ሰው ገና ዛሬ አየሁ።»

ምክንያቱን ነገርኩት። ከዚያ ተነስቶ የብረት ክምሩን ሲያገላብጥ ቆየና አገኘው። ገጠመልኝ። ስወጣ እናትህን ሰላም በልልኝ አለኝ።

ቅዳሜ ዳገቱን እያስጓራሁ ወጣሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች። ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ «መጣህልኝ» አለች፤ አገላብጣ ሳመችኝ። እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና፣

«ያቺ ነጯስ የት ሄደች ልጄ? የዚችኛዋ ጩኸት እኮ ጆሮዬን በጠሰው!»