ጥያቄዬ አጭር ናት

በየትኛውም አዳራሽ፣ ስለ የትኛውም ጉዳይ ገለጻ ይደረግ፣ የመድረኩ መሪ «ጥያቄ ያለው?» ከማለቱ በፊት እጁን የሚያነሳ አንድ ሰው አለ። ይህን ሰው አላውቅም የሚል ካለ አዳራሽ ገብቶ አያውቅም። የእኛ፣ የቀራንዮዎቹ፣ አቶ ባምላኩ ይባላሉ። ፊት ለፊት «አንተ» እንባባላለን፤ በጽሑፍ ግን ማዕረጋቸውን አልነሳቸውም።

አቶ ባምላኩ አርባ ዓመት ሙሉ ኮልፌ ውስጥ በርና መስኮት ሲገጥሙ የኖሩ አናጢ ናቸው። ሥራ ሲያቆሙ እኩዮቻቸው ወደ ዳማ ጨዋታ ሄዱ፤ እሳቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ። ሊማሩ አይደለም፣ ሊጠይቁ። በግቢው አጥር ላይ «ለሕዝብ ክፍት» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር በሁለት ታክሲ ተሳፍረው ከተፍ ይላሉ። ስለ ወባ ይሁን፣ ስለ ብራና መጻሕፍት ወይም ስለ መሬት መንቀጥቀጥ፣ ለእሳቸው ልዩነት የለውም። የሥዕል አውደ ርዕይ ከሆነ ደግሞ ሪባኑ ሳይቆረጥ ደርሰው መቀስ የያዘውን ሰው ይመክራሉ።

እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። ማንበብ የቻልኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ፊደሉን ከሱቅ ሰሌዳና ከጋዜጣ ቁራጭ ለቃቅሜ። ስለዚህ አዳራሽ ስገባ ዝም ብዬ እሰማለሁ፤ የጎደለኝን እየሞላሁ ነው። አቶ ባምላኩ ግን የምሁሩን ጎደሎ ይሞላሉ።

አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረ ጥበቃ በር ላይ አስቆማቸው።

«አባት፣ መታወቂያ?»

የቀበሌ መታወቂያቸውን አወጡ።

«ይሄ እኮ የተማሪ አይደለም።»

«ማስታወቂያው ላይ ምን ይላል?»

«ለሕዝብ ክፍት።»

«እንግዲህ ሕዝቡ መጥቷል። ክፈት!»

ከፈተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥበቃው ሲያያቸው «ሕዝቡ መጣ» ይላል።

አቀማመጣቸውም ጥበብ አለው። ሁለተኛው ረድፍ፣ የመተላለፊያው ጥግ፤ ማይክ ይዞ የሚዞረው ሰው ሳይነካቸው የማያልፍበት ቦታ። የእኛ አገር የመድረክ መሪዎች ጥያቄ የሚቀበሉት ሦስት ሦስት አድርገው ነው፤ ሦስት ሰው ይጠይቃል፣ ተናጋሪው በጅምላ ይመልሳል። በዚህ ላይ የደረሱበት ሕግ አላቸው፦ «መጀመሪያ የጠየቀ ይረሳል፣ መሀል የጠየቀ ይዘለላል፣ መጨረሻ የጠየቀ ይመለስለታል።» ስለዚህ እጃቸውን ቀድመው ያነሱና ማይኩ ሲመጣ ለሁለት ሰው በትህትና ያሳልፋሉ። ሦስተኛው ላይ ግን ማይኩን እንደ መዶሻ ይጨብጡታል።

«ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ አጭር ናት።»

አዳራሹ ይተነፍሳል። ያቺ አጭር ጥያቄ ሦስት ንዑስ ክፍል እንዳላት ሁሉም ያውቃል።

«ወደ ጥያቄዬ ከመግባቴ በፊት ትንሽ ዳራ...»

አንድ ጊዜ እንግዳ ፕሮፌሰር ከውጭ አገር መጥተው በአስተርጓሚ ሲያወያዩ፣ አቶ ባምላኩ ዳራውን ሩብ ሰዓት ያህል አብራሩ። አስተርጓሚዋ ወደ ፕሮፌሰሩ ዘንበል ብላ አንዲት አጭር ነገር ተናገረች። ስንወጣ ምን ብላ እንደተረጎመችው ጠየቅኳት።

«‹እስካሁን ጥያቄ የለም› ነው ያልኩት» አለችኝ።

ግን አትሳቱ። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ገለጻ በተደረገ ቀን፣ ከዳራውና ከሁለት ንዑስ ክፍል በኋላ፣ ግድግዳ ሳይሰነጠቅ በፊት በር ለምን አልዘጋ እንደሚል ጠየቁ። ምሁሩ መነጽሩን አወለቀ። «ይህን አስቤበት አላውቅም» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ያን ዕለት እስከ ኮልፌ ድረስ ቀና ብዬ ነው የተሳፈርኩት፤ የጠየቅኩት እኔ ይመስል።

አሁን ወደ ካሳነሽ ልምጣ።

ካሳነሽ የአቶ ባምላኩ ጎረቤት ናት። አሥራ አንድ ዓመት ቆሼ ላይ ሃይላንድና ብረታ ብረት ለቅማ ልጅ አሳድጋለች። ባለፈው ኅዳር አቶ ባምላኩ ከግቢው አጥር ላይ አዲስ ማስታወቂያ አነበቡ፤ የፎቶግራፍ አውደ ርዕይ ነው። በማስታወቂያው ላይ ጆንያ ተሸክማ የምትስቀው ሴት ራሷ ካሳነሽ ነበረች። በዚያው ቀን ቤቷ ድረስ ሄደው ነገሯት።

«ያ ልጅ ነው!» አለች። «ፎቶ ካነሳኝ በኋላ ስሜን ጠይቆኝ ጽፎታል። የአባቴንም ጭምር። እንግዲህ እኔ ዩኒቨርሲቲ ባልገባ ስሜ ገባ በሉኛ!»

ይህንኑ ለልጇ ነገረች፤ ቅዳሜ ይዛት ሄዳ ልታሳያት ቃል ገባች። እሷ ራሷ ግን በመክፈቻው ዕለት ከእኛ ጋር መጣች፣ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ። ፎቶዋ ከሁሉም ተለቅ ብሎ ግድግዳው መሀል ተሰቅሏል። ከሥሩ ትንሽ ካርድ ተለጥፏል።

«ጋሽ ፈጠነ፣ ያንብቡልኝ» አለችኝ። «ስሜ የቱ ጋ ነው?»

እስከ አርባ ሦስት ዓመቴ ድረስ ሰውን «ምን ይላል?» እያልኩ ስለኖርኩ፣ የሚያነብ ሰው ሊዋሽ እንደሚችል አውቃለሁ። ያን ሰዓት መዋሸት አማረኝ።

«‹ለቃሚ፣ ቆሼ› ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

ፎቶዋን ትንሽ አየችው። «ቅዳሜ እንግዲህ ልጄን ምን ላሳያት ነው?» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አቶ ባምላኩ አጠገባችን ነበሩ። በወዳጅነታችን ዘመን አስተያየት ሳይሰጡ ሲቀሩ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ፎቶ አንሺው፣ ዘርዓብሩክ የሚባል ወጣት መምህር፣ ስለ ሥራው ተናገረ። መድረኩን የምትመራው ወይዘሪት ፀዳለ «ሦስት ጥያቄ እንቀበላለን» አለች። አንድ ሰው ስለ ብርሃን ጠየቀ። አንዱ ስለ ካሜራ። ሦስተኛው ማይክ እንደተለመደው አቶ ባምላኩ እጅ ገባ።

«ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ አጭር ናት።»

ሳቅ ሆነ። ከኋላ አንዱ «ዳራውን ነገ ይቀጥሉልን!» አለ።

አቶ ባምላኩ ዘወር ብለው ማይኩን ለካሳነሽ ዘረጉ። «ተራዬን ለእሷ ሰጥቻለሁ።»

ወይዘሪት ፀዳለ ደነገጠች። «አቶ ባምላኩ፣ አሞዎት ነው?»

ካሳነሽ እጇን ሰበሰበች። «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን እላለሁ? እርስዎ ይንገሩልኝ እንጂ።»

«እኔ ከነገርኩልሽማ ሦስት ንዑስ ክፍል ይሆናል። ያው ፈጠነን የጠየቅሽውን ጠይቂያቸው።»

ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። ተነሳች።

«ይቺ ፎቶው ላይ ያለችው እኔ ነኝ» አለች። «ስሜን ነግሬህ ነበር። የት አደረግከው?»

ዘርዓብሩክ የብርሃኑንም የካሜራውንም ጥያቄ ትቶ ከመድረክ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል። ፎቶውን ከግድግዳው አውርዶ ገለበጠው። በጀርባው በእስክሪብቶ ተጽፏል፦ ካሳነሽ ወልዴ፣ ኮልፌ ቀራንዮ።

«ጽፌዋለሁ፣ እናቴ። አልጠፋም፤ እዚህ አለ።»

አቶ ባምላኩ አላስቻላቸውም። «አንድ አስተያየት ብቻ! ፎቶን በጀርባው በኩል የሚያይ ማን ነው?»

ልጁ ካርዱን ላጠው። አዲስ ካርድ አስመጣና እዚያው ሁላችንም ፊት ጽፎ ለጠፈ። ካሳነሽ ወደ እኔ ዞረች። እኔም አዳራሹ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት፤ ስሟን እስከ አባቷ። «ይድገሙልኝ» አለች። ደገምኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ካሳነሽ ከኋላችን ባለው ወንበር ተቀምጣ ቅዳሜ ልጇ ምን ለብሳ እንደምትሄድ ታስባለች። አቶ ባምላኩ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። የከበዳቸው ነገር እንዳለ ያስታውቃል።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ጥያቄዬን ሳልጠይቅ ተመለስኩ እኮ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ምን ነበር?»

ፊታቸው በራ። «አጭር ናት» አሉ። «ግን ከዚያ በፊት ትንሽ ዳራ...»

አውቶቡስ ተራ ላይ ጀመሩ። አስራ ስምንት ማዞሪያ ስንደርስ የመጀመሪያው ካሜራ ገና አገራችን አልገባም። የእኔ መውረጃ ከእሳቸው ሁለት ፌርማታ ይቀድማል። ሲመጣ አየሁት፤ ሲያልፍም አየሁት።

«ጋሽ ፈጠነ!» አለች ካሳነሽ ትከሻዬን ነካ አድርጋ። «መውረጃዎት አለፈ እኮ!»

«አውቃለሁ ልጄ» አልኳት። «እስካሁን ጥያቄ የለም።»