የጨመርኳቸው አሥራ አንድ ዓይኖች

እርማት የሚባል በሽታ አለ። ሐኪም ቤት አይታወቅም እንጂ በአገራችን ከወባ ቀጥሎ ሳይሆን አይቀርም። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ሰው ደክሞ የሠራውን ነገር ሲያሳያችሁ ገና በቅጡ ሳታዩት እጃችሁ ቀይ እስክሪብቶ ይፈልጋል። ሠርግ ቤት ወጡን፣ ለቅሶ ቤት አለቃቀሱን ታርማላችሁ። የባሰበት ደግሞ ለጸሎት ቆሞ ፈጣሪን ሊያርም ይቃጣዋል፤ «ዝናቡን ትንሽ ቀደም፣ ሙቀቱን ትንሽ ቀነስ ብታደርገው» እያለ። ጋምቤላ የኖረ ሰው ይህችን የሙቀቷን ጸሎት ሳይጸልይ አልቀረምና በእሷ እንኳ አልፈርድም።

እኔ የዚህ በሽታ ነባር ታማሚ ነኝ። ሥራዬ መምህርነት ነው፤ አባቴ ደግሞ የደብር ሰዓሊ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር እናንተው ገምቱት።

ነገሩ የሆነው ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው። ያኔ በከተማው እንደ ኦጁሉ ሥራ የበዛበት ሰው አልነበረም። ኦጁሉ የታፔላ ጸሐፊ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ የአኙዋ ልጅ። ቢሮ ይከፈታል፣ ኦጁሉ ታፔላ ይጽፋል። ቢሮው ከሌላ ቢሮ ጋር ይዋሃዳል፣ ኦጁሉ ታፔላውን ያጠፋና እንደገና ይጽፋል። የክልሉን አወቃቀር ከእሱ አብልጦ የሚያውቅ ባለሥልጣን ቢኖር እኔ አላየሁም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኒውላንድ ሰፈር ካለው ከተከራየሁት ቤት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሦስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። እኔ፣ ኦጁሉና ኛቦል። እኔና ኦጁሉ ከሥራ መልስ ሥዕል እንሥላለን። ኛቦል ነርስ ናት፤ የኑዌር ልጅ፤ ለቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መዝሙር የምትደርሰው እሷ ናት። የእኔ ቤተ ክርስቲያንና የእነሱ ለየቅል ቢሆኑም አንዲት ጥያቄ ታስማማን፣ ይልቁንም ታጨቃጭቀን ነበር፤ የሚያምን ሰው ሲሥል ወይም ሲዘምር ሥራው ጸሎት ነው ወይስ ከጸሎት በኋላ የሚመጣ ነገር?

እኔ መልሱን አውቅ ነበር። መቼ የማላውቀው ነገር ኖሮ! አባቴ ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት ይጾም፣ ይሰግድ ነበር፤ ስለዚህ መጀመሪያ ጾም፣ ከዚያ ሥዕል። ኦጁሉ «በዚህ ሙቀት ከጾምኩ እጄ ይንቀጠቀጣል» ይላል። ኛቦል ደግሞ ዜማ የሚመጣላት ልብስ ስታጥብ እንደሆነ ነገረችንና «ቲቸር ይጾማል፣ ይጠብቃል። ሥዕሉ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀች። እውነቷን ነበራ፤ ሁለት ሳምንት ጾሜ የሠራሁት ሰማይ ብቻ ነበር፣ እሱም ደመና የሌለው።

የሆነ ሆኖ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አንዲት ትንሽ ዐውደ ርእይ ልናዘጋጅ ተስማማን። እሑድ ከጸሎት መልስ የሁላችንም ሰው መጥቶ ያያል። ለእኔና ለኛቦል ይህ ደስታ ብቻ ነበር። ለኦጁሉ ግን ከዚያ ይበልጣል። እናቱ ፑኝዶ የሚኖሩ፣ በጸሎታቸው የታወቁ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ሰባኪ እንዲሆን ተስለው ያሳደጉት። «ልጄ የእግዚአብሔርን ቃል ትቶ የቢሮ ስም ይጽፋል» እያሉ ለሰው ይናገራሉ አሉ። ይህን ሲነግረን ድምፁ ወረደ። «አመጣታለሁ። ሥዕሉን ታያለች። ያን ጊዜ ሥራዬ ይገባታል፤ ካልገባት በቃ፣ እተወዋለሁ» አለን።

ሥዕሉን ያሳየኝ ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ነው። በትልቅ የኮምፖንሳቶ እንጨት ላይ፣ በታፔላ ቀለም የተሠራ። የባሮ ወንዝ ሞልቷል። ሐዋርያት አሥራ ሁለቱም በአንድ ረጅም የአኙዋ ታንኳ ተቀምጠው ይቀዝፋሉ፤ ጌታ ከፊታቸው በውኃው ላይ ይራመዳል። እንዴት ያምራል! ውኃው ውኃ ነው፤ የቀዛፊዎቹ ጀርባ ላብ አለው። ቅናት አንዴ ወጋ አደረገኝ። ቀጥሎ ፊታቸውን አየሁና ክው አልኩ።

እናንተ ከደብር ሥዕል ፊት ቆማችሁ የምታውቁ እንደሆነ ሕጉን ታውቁታላችሁ። ጻድቅ የሚሣለው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው። ኃጥእ፣ ሰይጣንና ከዳተኛው ይሁዳ ግን በጎን ይሣላሉ፣ በአንድ ዓይን። ኦጁሉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አሥራ አንዱን ሐዋርያት በሙሉ በጎን፣ ባለ አንድ ዓይን አድርጎ፣ የገንዘብ ከረጢቱን የያዘውን ይሁዳን ብቻ ወደ እኛ አዙሮ ሁለት ዓይን አፍጥጦ ሥሎታል!

«ኧረ በሕግ አምላክ! ለምን በጎን ሣልካቸው?»

«ታንኳ እኮ ከጎን ነው የሚታየው ቲቸር» አለኝ። ስለ ይሁዳ ልጠይቀው ስል ወደ ፑኝዶ የሚሄደው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። የአዳራሹን ቁልፍ እጄ ላይ አድርጎ እናቱን ሊያመጣ ሮጠ።

ቁልፉን ለእኔ! አንድ ቀን ሙሉ ታገልኩ። እሑድ የእኛ ቄስ፣ መምሬ ይሄይስ ይመጣሉ። ሐዋርያት ተኮንነው፣ ይሁዳ ጸድቆ ሲያዩ ምን ይሉኛል? ልጁ ሕጉን አያውቅም፤ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ እያለ ማፈር የለበትም። እንዲህ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። ቅናቷም ከጀርባ ሆና ትገፋኝ እንደነበር ዛሬ አልደብቅም። ቅዳሜ ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ አማትቤ፣ ብሩሽ አነሣሁ። ሰው እንዲህ ጸልዮ ሲያጠፋ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ለአሥራ አንዱም ሁለተኛ ዓይን ጨመርኩላቸው፣ ጉንጫቸውን ሞላሁ፣ ፊታቸውን ወደ እኛ መለስኩ። ይሁዳን በምላጭ ፍቄ አጠፋሁና በጎን ሣልኩት። ሳበቃ ራቅ ብዬ አይቼ፣ አባቴ ቢያይ ይኮራብኝ ነበር ብዬ እንባ ተናነቀኝ።

ኦጁሉ ይመሽበታል ስል በዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። እናቱን ዘመድ ቤት አሳርፎ ለብቻው ነበር የመጣው። ከሥዕሉ ፊት ቆመ። እኔ ስለ ጻድቃንና ኃጥአን ዓይን አፌን ሞልቼ አስረዳሁት።

«ቲቸር» አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ፣ «እኔ ሁሉም ጌታን እንዲያዩት ነበር የሣልኳቸው። እኛን የሚያየው ይሁዳ ብቻ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል እያለ። አሁን ግን ሁሉም እኛን ያያሉ። እሱን የሚያየው ይሁዳ ብቻ ሆነ።»

ሥዕሉን እንደገና አየሁት። ጌታ በውኃ ላይ ይራመዳል፤ አሥራ አንዱ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው በእኔው ዓይን ወደ እኔ አፍጥጠዋል። ውኃ ሆንኩ።

«ነገ እናቴ ታያለች» አለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ደግነቱ የእኔ ቀለም ገና አልደረቀም፤ የእሱ ግን ከደረቀ ሰንብቷል። ላምባ አመጣን፣ ጨርቅ ነከርን፣ ጎን ለጎን ተንበርክከን እያንዳንዷን ዓይን ቀስ አድርገን ጠረግን። አንዷ በለቀቀች ቁጥር የእሱ ሐዋርያ ከሥር ወጥቶ ወደ ጌታው ይመለሳል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ከልቤ የጸለይኩ አይመስለኝም፤ ያውም በላምባ እጅ።

የቀረው በምላጭ የፋቅሁት ይሁዳ ነው። ከሥሩ ባዶ እንጨት እንጂ ምንም አልነበረም። ኦጁሉ እንጨቱን አየ፣ እኔን አየ፣ አንድ የተማሪ ወንበር ጎትቶ ከፊቱ አኖረ።

«ቁጭ በል ቲቸር። መነጽርህን አታውልቅ።»

ተቀመጥኩ።

እሑድ እናቱ መጡ። መጀመሪያ የኋለኛውን ቀዛፊ አዩ፣ ከእሱ ፊት ያለውን፣ ከእሱም ፊት ያለውን፤ እንዲህ እያሉ እስከ ጌታ ደረሱ። ደርሰውም እዚያው ቆዩ። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ በአኙዋ ቋንቋ በለሆሳስ መዘመር ጀመሩ፤ ኛቦል ቃሉን ባታውቀውም ዜማውን ተቀበለቻቸው። ቆይተው ልጃቸውን ጠርተው አንድ ነገር ነገሩት። ኦጁሉ ሳቀ፣ ወዲያው ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ።

«ምን አሉህ?» አልኩት ጨንቆኝ።

«ድሮም ድምፅህ ለስብከት አይሆንም ነበር አለችኝ።»

ደስ አለኝ። በራሴ ሥዕል ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መምሬ ይሄይስ የደረሱት ሰው ሳሳ ሲል ነው። ዓይናቸው ደከም ስላለ ወደ ሥዕሉ ተጠጉ። አሥራ አንዱን ባለ አንድ ዓይን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከመነጽራሙ ይሁዳ ሲደርሱ ግን ፊታቸው በራ።

«ተመስገን! ከዚህ ሁሉ መሐል አንዱ እንኳ ጻድቅ ነው» አሉኝ። ከዚያም መስቀላቸውን አንሥተው ባረኩና «ጸሎቱ ይድረሰን» አሉ።

ኦጁሉ ከንፈሩን ነክሶ ወደ ጣሪያው አየ። እኔ ግን ጸሎቱ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገኝ ሰው ነበርኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን» አልኩ።