ለእርቅ ነጥብ የለም

ነጥብ የመስጠት ሥልጣን እጁ የገባ ስስታም በየትኛውም ከተማ አይጠፋም። ምሳ ይጋብዛል፤ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላውን ለመንገደኛ ይሰጣል። ነጥብ ስጥ ሲሉት ግን ኩላሊትህን ስጥ የተባለ ይመስል ፊቱ ይለዋወጣል። ለመርሳ ከተማ የደረሷት ክቡር መምህር ሙባረክ ናቸው፣ የነጥብ ግምጃ ቤት የበላይ ጠባቂ።

ሲራክ እኚህን ሰው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያውቃቸዋል። ፊዚክስ ሲያስተምሩት አሥሩንም ጥያቄ በትክክል ሠርቶ ዘጠኝ ነጥብ ሰባ አምስት ሰጡት። ሩቧ የት እንደገባች ሲጠይቃቸው «እንዳትኮራ ብዬ ነው» አሉት። ዛሬ ሲራክ ወልድያ ውስጥ ስልክ የሚጠግን የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ግን ከዚያች ሩብ አልተማረም። በየእሁዱ ሚኒባስ ተሳፍሮ መርሳ ድረስ የሚሄደው ከኚሁ ሰው ነጥብ ሊለምን ነው።

የሚሰበሰቡት በእትዬ ሸዋዬ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጨዋታው ሰሌዳ የለውም። እያንዳንዱ ተጫዋች በወረቀት ላይ አንድ ጀግና ይፈጥራል፤ መምህር ታሪኩን ይተርካሉ፤ ተጫዋቹ «እንዲህ አደረግሁ» ይላል፤ መሳካቱን በየገጹ ቁጥር ያለበት ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ተንከባሎ ይወስናል። ጠላት ያሸነፈ የልምድ ነጥብ ያገኛል፣ ሺህ የሞላለትም ሁለተኛ ደረጃ ይወጣል። የደሴ ተጫዋቾች በስምንት ወር ስድስተኛ ደረጃ ደርሰዋል ይባላል። የመርሳዎቹ ግን ከዓመት ከአራት ወር በኋላም አንደኛ ላይ ናቸው።

«መምህር፣ መቼ ነው የምናድገው?»

«ገና ነው።»

የእትዬ ሸዋዬ ጀግና ሁለት ሕፃናት ተሸክማ ደራሽ ወንዝ ስትሻገር መምህር አራት ነጥብ ሰጧት። ለምን አራት ብቻ? አንደኛው ሕፃን ትንሽ ትንሽ መዋኘት ይችል ነበር አሉ። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ናጅዋ ደግሞ ሦስት ሳምንት ያስጨነቀ እንቆቅልሽ ፈትታ ሰባት አገኘችና በደስታ ስለጮኸች ሁለቱ ተቀነሱባት።

እውነቱን ለመናገር ግን ስስታቸው ብቻ አልነበረም ያስቀራቸው። እነዚህ ሰዎች መዋጋት አይችሉበትም። ሽፍታ ሲገጥማቸው ሽማግሌ ይልካሉ። ጅብ ሲከባቸው ናጅዋ «እስኪ መጀመሪያ ምን እንደበደልነው እንጠይቀው» ትላለች። ከውርጌሳ መንደር በላይ ባለው ዋሻ የሚኖረውን ዘንዶ እንኳ አስታረቁት፦ እሱ ምንጩን ላይነካ፣ መንደሩ በየዓመት በዓሉ አንድ በግ ሊሰጠው፣ ቃል ተገባቡ። ሁለት እሁድ የፈጀ ሽምግልና ነበር።

መምህር ደብተራቸውን ዘጉ። «ታረቃችሁ እንጂ አላሸነፋችሁም። ለእርቅ ነጥብ የለም። የገደለ ሦስት መቶ ያገኝ ነበር።»

ሲራክ የነበረው ነጥብ ሰባት መቶ ሰማንያ ነው፤ የሌሎቹም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ያቺ ሦስት መቶ ሳምንቱን ሙሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ስትመላለስ ሰነበተች።

በቀጣዩ እሁድ፣ መምህር የአስር ሶላት ሰግደው እንደተመለሱ፣ ሲራክ ማንንም ሳያማክር «ብቻዬን ወደ ዋሻው ተመለስኩ» አለ።

መምህር ተረኩለት። «ዘንዶው አወቀህ። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ‹ደህና ነህ ወይ? ሰዎቹስ ደህና ናቸው?› አለህ።»

«ወጋሁት።»

ዳይሱ ተንከባለለና ከሁሉም በሚበልጠው ሃያ ላይ ቆመ። ዘንዶው ሞተ።

ማንም አላጨበጨበም። ናጅዋ ወረቀቷን አጠፈችና «ወላሂ ሲራክ፣ ቃል ሰጥተነው ነበር እኮ» አለች፣ ቀስ ብላ። መምህር ሦስት መቶውን ጻፉ። «ገና ነው» አላሉም። ሲራክ የተመኘው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ወጣና ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ።

ሳምንቱን ሙሉ አፈረ። የሰው ስልክ ከፍቶ በተቀመጠበት «ደህና ነህ ወይ?» የሚለው ድምፅ ትዝ ይለውና ጆሮው ድረስ ይግላል። የወረቀት ዘንዶ ነው ብሎ ራሱን ለማሳቅ ሞከረ። አልሳቀም። እምነት የጣለበትን ነው የወጋው፤ ያንን ያደረገው ዳይሱ ሳይሆን እሱ ነው። እሁድ ሲደርስ ሊቀር ፈልጎ፣ መቅረቱ ደግሞ የባሰ አሳፈረውና ሄደ።

«የዘንዶው እናት ዋሻው አፍ ላይ ተቀምጣለች» ብለው ጀመሩ መምህር። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ጀርባቸውን ሰጡ። እናትየው እሳቸው ነበሩ።

እትዬ ሸዋዬ ተነሡ። «ደም አለብን ልጄ። እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም።»

በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው ያስደገፉትን ድንጋይ አሳዩት። ሲራክ የሚቀልዱ መስሎት ፊታቸውን አየ። አይቀልዱም። ድንጋዩን አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከ። በዚሁ መሃል አንድ ሰውዬ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ ገባ፤ ይህንን አየ፤ ያለ ኮፒ ወጣ።

«በደልኩ» አለ ሲራክ። «ለነጥብ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

መምህር ቶሎ አልዞሩም። ሲዞሩ ዓይናቸው ቀልቷል። «አውርደው፣ አንገትህ ይሰበራል» አሉ። ከዚያም በራሳቸው ድምፅ፣ «ለመግደል ሦስት መቶ፣ ለመታረቅ ዜሮ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔም አብሬህ ማፈር አለብኝ» አሉና ደብተሩን ከፍተው ለናጅዋና ለእትዬ ሸዋዬ የዘንዶውን እርቅ ሦስት ሦስት መቶ ጻፉላቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ገቡ። ናጅዋ አፏን በእጇ ይዛ ጮኸች። አልተቀነሰባትም።

«የኔን ሦስት መቶ ይሰርዙልኝ» አለ ሲራክ።

«መስጠት ዛሬ መጀመሬ ነው፤ መንጠቅ አታስለምደኝ።»

ሲራክ እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወስዶ ራሱ ሰረዘው። መምህር ሙባረክ የተሰረዘውን መስመር ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። እስክሪብቶውን ተቀብለው ከጎኑ «5» ብለው ጻፉ።

ሲራክ በዚያ ምሽት ወደ ወልድያ የተመለሰው ከሁሉም በታች ሆኖ፣ በሰባት መቶ ሰማንያ አምስት ነጥብ ነው። እስከ ቤቱ ድረስ የዚያችን አምስት ወሬ ለማን እንደሚነግር ሲያስብ ሄደ።